በጊቫት ኦልጋ ባሕር ዳር በብስክሌት፤ የት፣ መቼና እንዴት



በየቤቱ ስንዞር ደጋግመን የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ሐኪሙ ስፖርት ሥራ ይለኛል፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ስፖርት ልሥራ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጎንደር ገጠር ያደገ ሰው ስፖርት የሚባል ነገር ለብቻው ለይቶ አያውቅም ነበር። እርሻው፣ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ገበያ ደርሶ መመለሱ ሁሉ ሰውነትን ሲያሠራ ይውላል። እዚህ ግን ውኃው በቧንቧ ይመጣል፣ ገበያው በአውቶቡስ ነው፣ ሥራውም ለብዙዎቻችን አንድ ቦታ ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ምግቡም ተለውጧል።

የዚህ ለውጥ ዋጋ ስኳር በሽታ ሆኖ ታይቷል። ወገኖቻችን ከኢትዮጵያ ሲመጡ ስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይገኝም ነበር። ከመጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በወጣቶችም ላይ ሳይቀር መታየት እንደ ጀመረ የእስራኤል ሐኪሞች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጽፈዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚሁ በከተማችን በሐዴራ በሂለል ያፌ ሆስፒታል በ1998 «ጤና ብሪዩት» የተባለው ፕሮግራም የተጀመረው ይህንኑ ችግር ለመቋቋም ነው። አንድ ነገር በተለይ እንዲታወቅ እንፈልጋለን። በእኛ ማኅበረሰብ ስኳር በሽታ ወፍራም ሰው ብቻ እየጠበቀ አይመጣም። ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በአነስተኛ ክብደትና በለጋ ዕድሜም ይይዛል። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ምን አገባኝ» ማለት አያዋጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለአምስት ቀን ቢከፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው። መካከለኛ ማለት ትንፋሽ ፈጠን ይላል፣ መነጋገር ግን ይቻላል፤ መዝፈን ግን ያቅታል ማለት ነው። ልጆች ደግሞ በየቀኑ 60 ደቂቃ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ደቂቃ ለመሙላት ጂም ከፍሎ መግባት የግድ አይደለም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከመሮጥ ይልቅ ብስክሌት ይስማማዋል፤ ምክንያቱም የሰውነቱን ክብደት የሚሸከመው ኮርቻው እንጂ ጉልበቱ አይደለም። ጊቫት ኦልጋ ለሚኖር ሰው ደግሞ ባሕሩ ደጁ ነው።

አንዳንድ አባቶች «ሽማግሌ ሰው ብስክሌት ላይ? ሰው ይስቅብኛል» ይሉናል። ባሕር ዳር ከተማን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። እዚያ ጣና ዳር መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ሠራተኛውም ተማሪውም፣ ሴቱም ወንዱም በብስክሌት ሲመላለስ የኖረ ነው። ኢትዮጵያዊው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በዓለም ትልቁ በሆነው በቱር ደ ፍራንስ ውድድር ሲሳተፍ ከአገሩ የመጀመሪያው ሰው ነበር። በ2018 ግንቦት ወር ላይም የጣሊያን ዙር ውድድር ጂሮ ዲ ኢታሊያ ከኢየሩሳሌም ተነስቶ፣ በሁለተኛው ቀን ከሃይፋ ወደ ቴል አቪቭ ተጉዟል። እኛ የምንለው ግን ውድድር አይደለም፤ ቀስ ብሎ መሄድ ነው።

የት እንሂድ?

ጊቫት ኦልጋ የተቀመጠችው ኩርካር በሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ኮረብታ ላይ ነው። ስሟን ያገኘችው ከኦልጋ ሐንኪን ነው። ባለቤቷ የሆሹዋ ሐንኪን የሐዴራን መሬት የገዛው ሰው ሲሆን፣ እርሷ ራሷ አዋላጅ ነበረች። (በጤና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ሰፈራችን በአዋላጅ ስም መጠራቱ ደስ ይለናል።) ከዚህ ኮረብታ ላይ ሆኖ መንገዱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ይከፈላል።

ለጀማሪ የምንመርጠው የሰሜኑን ነው። ከጊቫት ኦልጋ በዓይን ሃያም ሰፈር በኩል ወደ ሐዴራ ወንዝ ፓርክ መሄድ ይቻላል። ርቀቱ እንደ መነሻችሁ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገቱም ቀላል ነው። በፓርኩ ውስጥ የተነጠፉ መንገዶች፣ የእንጨት መተላለፊያዎች፣ ጥላና መቀመጫ አሉ። ልጅ ብስክሌት ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ በአቅራቢያችን አናውቅም፤ መኪና አይመጣበትምና። ከወንዙ ማዶ የሚታየው የኦሮት ራቢን የመብራት ኃይል ማመንጫ ነው። ከጭስ ማውጫዎቹ ረጅሙ 300 ሜትር ይደርሳል። መንገድ ቢጠፋባችሁ እንኳ እርሱን እያያችሁ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ መለየት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ማመንጫው ወደ ባሕር የሚለቀው ውኃ ሞቃት ስለሆነ፣ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ሻርክ የሚባሉት ትልልቅ ዓሦች በወንዙ አፍ አካባቢ ይሰበሰባሉ። ሰው ሊያያቸው ይመጣል። በሚያዝያ 2025 አንድ ዋናተኛ በዚሁ ቦታ በሻርክ ተነክሶ ሞቷል። በብስክሌት የሞቃቸው ወጣቶች ልብሳቸውን አውልቀው «ትንሽ እንቀዝቀዝ» ብለው ወደ ውኃው እንዳይገቡ ንገሯቸው። መዋኘት የሚፈቀደው ጠባቂ ባለበት የመዋኛ ባሕር ዳር ብቻ ነው።

ከወንዙ አልፎ ወደ ቄሣርያ መሄድ የሚፈልግ ልምድ ያለው ጋላቢ ይሁን። ማመንጫው በባሕሩ ዳር ያለውን መንገድ ስለሚዘጋው በምሥራቅ በኩል መዞር ያስፈልጋል። በዚያ አካባቢ ደግሞ አውራ ጎዳና ቁጥር 2 አለ። ይህ ጎዳና መኪና በከፍተኛ ፍጥነት የሚያልፍበት ነው፤ በዳሩ ላይ እንኳ በብስክሌት እንድትሄዱበት አንመክርም። ማቋረጥ ያለባችሁ በድልድይ ወይም በምድር ውስጥ መተላለፊያ ብቻ ነው። ቄሣርያ የደረሰ ሰው ግን ድካሙን ይረሳል። በሮማውያን ዘመን ውኃ ወደ ከተማዋ ይመጣበት የነበረው ባለ ቅስት ግንብ በአሸዋው ላይ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ልጆችን ታሪክ ለማስተማር ጥሩ ነው።

የደቡቡ መንገድ በውበት ከሁሉ ይበልጣል፤ አደጋውም እንዲሁ። ከጊቫት ኦልጋ በስተደቡብ የጋዶር የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ አለ። በአንድ ወገን ገደል፣ ከገደሉ ሥር አሸዋና ባሕር፣ ከላይ ደግሞ በክረምት መጨረሻ አበባ የሚሞላው ሜዳ ነው። በዚህ የባሕር ዳር ከዳን እስከ ኤላት የሚዘልቀው የእስራኤል ጎዳና (ሽቪል ይስራኤል) ያልፋል፤ ምልክቱ ነጭ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ሦስት መስመር ነው። ይህ ግን በመጀመሪያ ለእግረኛ የተሠራ ጎዳና መሆኑን አስታውሱ፤ ሰው ሲመጣ ወርዳችሁ አሳልፉ። ወደ ፊት ሲቀጥሉ ሚክሞሬትና የአሌክሳንደር ወንዝ አፍ ይገኛሉ፤ በወንዙም ለስላሳ ጀርባ ያላቸው ትልልቅ ኤሊዎች ይኖራሉ።

በዚህ መንገድ ቀጭን ጎማ ያለው የከተማ ብስክሌት አይሆንም። አሸዋው ይውጠዋል። ሰፊና ጥርስ ያለው ጎማ፣ ማርሽና ጥሩ ፍሬን ያለው የተራራ ብስክሌት ያስፈልጋል። የአሸዋው መንገድ ሲለሰልስ በጉልበት ለማለፍ መታገል የልብ በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም። ስለ ገደሉም እንናገር። ኩርካር ከላይ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፣ ነገር ግን በማዕበልና በዝናብ ከሥር እየተበላ በድንገት ይናዳል፤ በተለይ ከክረምት ዝናብ በኋላ። ስለዚህ ፎቶግራፍ ለመነሳት ጫፉ ላይ መቆም፣ ወይም ጥላ ፍለጋ ከገደሉ ሥር መቀመጥ ክፉ ነው። አጥርና የማስጠንቀቂያ ምልክት ያለበት ቦታ ያለ ምክንያት አልታጠረም። በጥብቅ ስፍራው ውስጥ ምልክት ከተደረገበት መንገድ አትውጡ፤ አበባውም እንዳይረገጥ፣ በሙቀት ወራት በሣሩ ውስጥ ያለው እባብም እንዳያገኛችሁ።

ባሕሩ ለሚያስፈራው ወይም ጥላ ለሚፈልግ ሰው ምሥራቁ አለ። የሐዴራ ጫካና ፓርክ ሃሻሮን በባሕር ዛፍና በወርካ መሰል የአሎን ዛፎች የተሞሉ ናቸው፤ በክረምት ውኃ የሚሞላ፣ በበጋ የሚደርቅ ኩሬም አለ። ባሕር ዛፉን ሲያዩ የእኛ እናቶች «ይኸማ የአገራችን ዛፍ ነው» ይላሉ። ወደ ሁለቱም አገሮች የገባው ከአውስትራሊያ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በምኒልክ ዘመን፣ እዚህም በዚያው ዘመን አካባቢ። ሐዴራ በ1891 ስትመሠረት ዙሪያዋ ረግረግ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎችም ብዙዎቹ በወባ አልቀዋል። ባሕር ዛፉ የተተከለው ረግረጉን እንዲመጥ ነው። ወባ የቆላ ጎረቤቱን እንዴት እንደሚጨርስ ያየ ሰው ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

መቼ?

በበጋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ወይም ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በአገራችን አቆጣጠር ጥሩ ነው። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ቃጠሎ የተሻለ መከላከያ ቢኖረውም ሙቀት ግን ማንንም አይመርጥም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከጀመረ ጥላ ውስጥ ገብቶ ውኃ መጠጣትና ልብስን ማርጠብ ነው። ሰውየው ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ወደ 101 መደወል እንጂ መጠበቅ አይገባም። ከሰዓት በኋላ በበጋ ነፋሱ ከባሕር ይነፍሳል። መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቃወማችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ይገፋችኋል፤ ደክሟችሁ ሳለ ከነፋስ ጋር ከመታገል ይሻላል። በታኅሣሥ ቀኑ አጭር ነው፤ ከአምስት ሰዓት ከሰዓት በኋላ በፊት በእስራኤል ሰዓት ይጨልማል። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት የሌለው ብስክሌት በጨለማ መውጣት የለበትም።

ሰንበት ለሚያከብሩ ቤተሰቦች አርብ ጠዋት ይመቻል። ስለ ዮም ኪፑርም አንድ ቃል። በዚያ ቀን መንገዱ ከመኪና ባዶ ስለሚሆን በአገሩ ሁሉ ልጆች በብስክሌት ይወጣሉ፤ በየዓመቱም ብዙ የተጎዱ ልጆች ወደ ሆስፒታል ይወሰዳሉ። ወላጆች ጾምና ጸሎት ላይ ሳሉ ልጆቹ የት እንዳሉ ማን እንደሚጠብቃቸው አስቀድሞ መወሰን አለበት። አምቡላንስ በዚያ ቀንም በመንገዱ ያልፋል።

ስኳርና ደም ግፊት ላለባችሁ

በአንድ ወቅት ያገኘናቸው አባት፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ የስኳር መድኃኒታቸውን ጠዋት ውጠው ቁርስ ሳይበሉ በልጃቸው ብስክሌት ወደ ወንዙ ሄዱ። ሲመለሱ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው ጨለመ። «ደከመኝ መሰለኝ» ብለው መንገድ ዳር ተቀመጡ። ያዳናቸው በአጠገባቸው የነበረች ሴት የሰጠቻቸው ጣፋጭ ጭማቂ ነው። ድካም አልነበረም፤ ስኳራቸው ወርዶ ነበር። እርሳቸው ግን ስኳር በሽታ ማለት ስኳር መብዛት ብቻ ስለሚመስላቸው መውረዱን አልጠረጠሩም። ይህ ስሕተት በማኅበረሰባችን ብዙ ሰው ዘንድ አለ።

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያደርጉ እንክብሎች የሚወስዱ ሰዎች ከመውጣታቸው በፊት ስኳራቸውን ይለኩ። ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ አንድ ነገር ይብሉ። መድኃኒታችሁ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ የኩፓት ሆሊም ነርሷን ጠይቁ፤ ስኳር የማያወርዱ እንክብሎችም አሉና ሁሉም ሰው መስጋት አያስፈልገውም። በኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ስኳር ወይም ትንሽ ጭማቂ ይኑር። ምልክቱ ሲጀምር ከብስክሌት መውረድ፣ ወደ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጣፋጭ ጭማቂ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት ነው። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ መድገም። ዳቦ ቆሎ ለመንገድ ስንቅ ጥሩ ነው፤ ለወረደ ስኳር ግን ቀስ ብሎ ስለሚሠራ አይደርስም። ሰውየው ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታግቡ፤ 101 ደውሉ።

ደም ግፊቱ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በዚያ ቀን አይውጣ፤ ወደ ሐኪሙ ይሂድ። ሲጋልቡ ደረት የሚጨንቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከመጣ «ያልፋል» ማለት የለም፤ ቁሙና 101 ደውሉ። የልብ ሕመም ያለባችሁ ወይም ለዓመታት ያልተንቀሳቀሳችሁ ከመጀመራችሁ በፊት የቤተሰብ ሐኪማችሁን አማክሩ። መነሻው በሳምንት ሦስት ቀን አሥር አሥር ደቂቃ ቢሆን በቂ ነው።

ካስዳና የኤሌክትሪክ ብስክሌት

ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ሁሉ የትም ቦታ ካስዳ (የራስ መከላከያ ቆብ) የማድረግ ግዴታ አለበት። ከከተማ ውጭ ደግሞ አዋቂም ይገደዳል። ሕጉ በከተማ ውስጥ አዋቂውን በተራ ብስክሌት ባያስገድደውም እኛ አድርጉ እንላለን፤ አስፋልቱ ዕድሜ አይጠይቅም። ካስዳው ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ግንባርን መሸፈን አለበት፤ ወደ ኋላ የተገፋ ካስዳ ግንባርን አያድንም። ከአገጭ ሥር ያለው ማሰሪያ አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ሹሩባ የተሠሩ ልጃገረዶች ካስዳው አናታቸው ላይ ስለሚንሳፈፍ «አይሆነኝም» ብለው ይተዉታል። መፍትሔው ሹሩባውን ዝቅ አድርጎ ከማጅራት ላይ ማሰር፣ ካስዳውንም ሲገዙ ጸጉሩ እንደተሠራ መለካት ነው።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሌላ ነገር ነው። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ክልክል ነው። የመኪና መንጃ ፈቃድ የሌለው ወጣት ከ2019 ወዲህ የትራፊክ ሕግ ትምህርት ፈተና ማለፍ አለበት። ካስዳ በማንኛውም ዕድሜ ግዴታ ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በእግረኛ መንገድ ላይ መሄድና እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝም አይፈቀድም። እናት ከደመወዟ ቆጥባ ለ13 ዓመት ልጇ በልደቱ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ስትገዛ በፍቅር እንደሆነ እናውቃለን። ልጁ «ሁሉም አላቸው» ይላታል፤ ሕጉ በዕብራይስጥ ነው፣ ሻጩም አልነገራትም። ሲወድቅ ግን ጉዳቱ ከተራ ብስክሌት የከፋ ነው፤ ተሽከርካሪው ከባድ፣ ፍጥነቱም ልጁ ሊቆጣጠረው ከሚችለው በላይ ነውና። የሚቻል ከሆነ በዚያ ገንዘብ ደህና የተራራ ብስክሌትና ካስዳ ግዙለት።

ባትሪውንም ተጠንቀቁ። በሌሊት ሁሉም ተኝቶ ሳለ፣ በተለይም በመውጫው በር አጠገብ ቻርጅ አታድርጉ። ባትሪው ቢፈነዳ የምትወጡበትን በር ይዘጋዋል። ከብስክሌቱ ጋር ከመጣው ቻርጀር ውጭ ሌላ አትጠቀሙ፤ ያበጠ ወይም የወደቀ ባትሪ አይሰካ። እሳት ቢነሳ ወጥታችሁ 102 ደውሉ።

ልጅ ወድቆ ራሱን ከተመታ በኋላ ተነስቶ ቢጫወትም ለአንድ ቀን ሙሉ ተከታተሉት። ደጋግሞ ካስታወከ፣ እንግዳ እንቅልፍ ከያዘው፣ ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ንግግሩ ወይም አካሄዱ ከተለወጠ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ነው። ቁስልን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ ቡና ወይም ቅቤ አታድርጉበት።

ያገለገለ ብስክሌት ስትገዙ ፍሬኑን ሁለቱንም ሞክሩ፣ ካቴናውን እዩ። ኮርቻው ፔዳሉ ወደ ታች ሲደርስ ጉልበት በጥቂቱ ብቻ እንዲታጠፍ ሆኖ ይስተካከል፤ ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበት ያሳምማል። ባሕር ዳር ሄዳችሁ ስትመለሱ ጨውና አሸዋው ካቴናውን በአንድ ክረምት ይበላዋል፤ በንጹሕ ውኃ አጥቡት፣ አድርቁት፣ ዘይት ቀቡት። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ጫማውን አውልቆ አሸዋውን ያራግፍ፤ እግሩን ታጥቦ በጣቶቹ መካከልና ከተረከዙ ሥር በመስታወት ይመልከት። ስሜቱ የደከመ እግር ትንሽ ጠጠር ቢቆርጠውም አይነግረውም። መቅላት ወይም ቁስል ካየ በዚያው ሳምንት ሳይሆን በማግስቱ ለነርሷ ያሳይ።